ወለሉ ነው የሚንቀጠቀጠው

ሰኞ 3

ሥራው የእኛ ሆነ! የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ደውሎ "እንኳን ደስ አለዎት" አለኝ። ፋብሪካው በዚህ ወር በሃያ ዘጠኝ ላይከፈት ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት ከመቶ ገደማ ሠራተኞች የተመረጡትን ስልሳ በየሥራ ቦታቸው አነሳለሁ፤ ፎቶዎቹ መጽሐፍ ይሆናሉ፤ ሽፋኑ ላይ ስሜ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ ይበተናል። ያመለጠኝ ሰው አመለጠኝ ማለት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ ሳነሳ፣ "አገጭዎን ትንሽ ዝቅ" ስል ኖሬ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ወግ ያለው ሥራ አገኘሁ።

ደስታዬ ግን ከምሳ ሰዓት አላለፈም። ከወንድሜ ጋር ተጋጨን። በአሥራ ሁለት ዓመት ታናሼ ነው፤ አባዬ ሲሞት ስቱዲዮውን ለሁለታችን ትቶልን አብረን እንሠራለን።

"ትንሿን ካሜራ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መግባት ነው" አለ። "በአሥር ቀን እንጨርሳለን።"

"በአባዬ ካሜራ ነው የማነሳው።"

"በዚያ ሣጥን?"

"በዚያ ሣጥን።"

"እታለም፣ ያ ሣጥን እኮ ከነሦስት እግር የእንጨት ማቆሚያው ከእማዬ ይከብዳል! አንድ ሰው ለማንሳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሰዎቹ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው።"

"ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው ቆመው እንዲነሱ የምፈልገው" አልኩት። ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ትልቅ ካሜራ ፊት ሲቆም ልብሱን ያስተካክላል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ማን እንደሆነ ያስባል። ፊልሙ የመጽሐፍ ገጽ ያህላል፤ የሸሚዙ ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል። ትንሿ ካሜራ ግን ኪስ አውላቂ ናት፤ ሳታስፈቅድ ወስዳ ትሮጣለች። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንቺ እኮ እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ ትንሿን ካሜራ ትራስሽ ሥር ይዘሽ ነበር የምትተኚው።" ሰው አይለወጥም እንዴ?


ረቡዕ 5

የሽመና ክፍሉ ውስጥ ሰማንያ ማሽን በአንድ ላይ ይጮኻል። በር ላይ ስንደርስ ወንድሜ አንድ ነገር ተናገረ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም። ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። አንዷ ከክፍሉ ጫፍ ሁለት ጣቷን ታነሳለች፤ ሌላዋ ከወዲያኛው ጫፍ ራሷን ነቅንቃ ትስቃለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያወሩ ኖረዋል።

ካሜራውን ተከልኩ። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ የኋላውን መስታወት ሳይ፣ ተገልብጦ የሚታየው ምስል ይርገፈገፋል። መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ከዚያ እግሬ ሥር ተሰማኝ። ወለሉ ነው! ሰማንያ ማሽን ወለሉን ያርገደግደዋል፣ ወለሉ ሦስቱን እግር፣ ሦስቱ እግር ካሜራውን። ለማንኛውም ብዬ አራት ሉህ ፊልም አነሳሁ። ማታ ሳጥበው አራቱም ድብዝዝ።

"ነገርኩሽ" አለ ወንድሜ። "እንጨት ንዝረት አይውጥም። የሰው ጉልበትና ወገብ ግን ይውጠዋል። እዚያ ቤት በእጅ ነው የሚነሳው።"

አፉን ለማዘጋት ብዬ እኔም በራሴ ትንሽ ካሜራ ሃያ ያህል አንስቼ ነበር። ስክሪኑ ላይ አጉልቶ አየው፤ ሁሉም የተድበሰበሰ።

"ወለሉ ነው" አልኩት።

የራሱን ከፈተ። የሴትየዋ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል።

"የእኔ ላይ ወለሉ አልደረሰም እንግዲህ" አለ።

 በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። እሱ ቀልዱ መሆኑ ነው።


ሐሙስ 6

መላ ተገኘ። ከስድስት እስከ ስድስት ተኩል ማሽኑ ይቆማል፤ የምሳ እረፍት ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ወለሉ ጸጥ ይላል። በቀን አራት ሰው። የሥራ ቀን ቆጠርኩ፣ ሃያ። ሰማንያ ሰው ማለት ነው፤ ይተርፈኛል።

ወንድሜ "ሰዎቹ መቼ ይብሉ?" አለ።  ሥራ አስኪያጁ ተራ ያወጣላቸዋል አልኩ።


ቅዳሜ 8

ዛሬ ሦስት ብቻ። ትናንትም ሦስት። አራት ይሆናል ብዬ ነበር።

የሚያዘገየኝ ፊልሙን ማስገባትና ማውጣቱ ነው። መያዣው ቀጭን የእንጨት ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ደግሞ እንደ ካርቶን የሳሳ። ክዳኑን መዞ አውጥቶ፣ አንስቶ፣ መልሶ በጠባቧ ቀዳዳ መክተት ነው። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ያደርገው ነበር። ቀዳዳው ከእርጅና ብዛት ጠቧል መሰለኝ። ሰኞ ሰም እቀባዋለሁ።

ወንድሜ "ክዳኑን እኔ ልሳብልሽ፣ አንቺ ሰዎቹን ተመልከቺ" አለ። ካሜራ በሁለት ሰው አይነካም አልኩት። ይህን ደንብ አሁን ነው ያወጣሁት፤ አንድ ጊዜ ከአፌ ከወጣ ወዲያ ግን ልመልሰው አልቻልኩም።


ሰኞ 10

እትዬ ቋጠሮን አነሳሁ። ትክክለኛ ስማቸውን ሥራ አስኪያጁ እንኳ ከመዝገብ ካልሆነ አያውቀውም። የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ጣታቸው ከፍጥነቱ የተነሣ አይታይም፤ በዚያ ነው ስሙ የወጣላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ማሽን ላይ ሠርተዋል። እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው ቆሙልኝ። ሁለት ሰኮንድ ሙሉ ሽፋሽፍታቸው አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ዓይነት ሰው ትልቅ ካሜራ ይገባዋል!

የሚያስቸግሩት ሲያዩ ብቻ ነው። ፊቴን አያዩም። ፊልሙን ሳስገባ እጄን ነው የሚያዩት። ስጨርስ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"እጅሽ።"

"ዛሬ ቡና አብዝቼ ነው" አልኳቸው። ጠዋት የጠጣሁት አንድ ሲኒ ነው። ለማያውቁት ሰው ይህን ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በኋላ ሻይ አመጡልኝ። ብርጭቆው ግማሽ ነው። ለሌላው ሁሉ እስከ አፉ ሞልተው ለእኔ ግማሽ! ትንሽ ቅር አለኝ።


ረቡዕ 12

እማዬ ጋ እራት በላሁ። ወንድሜ ቀድሞኝ ሄዶ አቤቱታውን አሰምቶ ኖሯል።

"ምን አለበት ትንሿን ብትይዢው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ስለ ካሜራ ደግሞ መቼ ነው የተማርሽው?"

"አርባ ዓመት ከፎቶ አንሺ ጋር ኖሬ!" አለች። ቀጥላም ሳህን እያነሳች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ "አባትሽም መጨረሻ ላይ በእጁ ማንሳት ትቶ ነበር። ያ ሣጥን ካልተተከለ አላነሳም ይል ነበር። በአንቺ ዕድሜ መሆኑ ነው" አለች።

"ጥራት ስለሚወድ ነው" አልኳት።

"እሱስ ይወድ ነበር።"

 የያዝኩትን ማንኪያ ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችው። ለካ ሳህኑን እያንኳኳሁበት ነበር። ነገር ቀይሬ ስለ ጣሪያዋ ማፍሰስ አወራን። እናት ስታረጅ የማይገናኘውን ታገናኛለች።


ሐሙስ 13

እስካሁን አሥራ ሰባት። የክር ማጠንጠኛ ክፍል ስድስቱ ሰዎች ቀድመው ይሰናበታሉ፣ በአሥራ አምስት። ሥራ አስኪያጁ ይህን የሚነግረኝ ዛሬ! ነገ ስድስቱንም በአንድ እረፍት ማንሳት አለብኝ። አምስት ደቂቃ ለአንድ ሰው። ይቻላል። ይቻላል።


ዓርብ 14

ስድስቱንም አነሳሁ። በሦስት መያዣ። ላብ በላብ።

ወንድሜ ከአጠገቤ አልጠፋ አለ። "ልያዝልሽ፣ ልሳብልሽ።" በመጨረሻ ሰው ፊት ጮኽኩበት። "ሂድ ከዚህ!" አልኩት። ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። አፍሬያለሁ፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም።


ቅዳሜ 15

ስድስቱ ሄዱ። ጢማሙ ሰውዬ ሲሰናበተኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቶሎ አልለቀቀኝም። "ፎቶዋን ለልጄ አሳያታለሁ፤ መጽሐፉን ላኩልኝ" አለ። አድራሻውን አጻፍኩ፤ ባሕር ማዶ ወንድሙ ጋ ነው የሚሄደው። ሁለቱ ሴቶች ወደየትውልድ ቦታቸው ይገባሉ፤ ሌሎቹ የት እንደሚሄዱ እነሱም አያውቁትም።


እሁድ 16

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ስድስቱን ሉሆች ዛሬ አጠብኩ። ሦስቱ ባዶ ናቸው፣ ንጹሕ መስታወት የመሰሉ። ሦስቱ ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ሰው አለ፣ አንዱ በሌላው ላይ። ጢማሙ ሰውዬ የሴት ሻሽ አስሯል። ወጣቷ አራት ዓይን አላት። ሦስተኛው ላይ ማን ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ይህን ስህተት ተለማማጅ ነው የሚሠራው። መያዣው ሁለት ገጽ አለው፤ በየገጹ አንድ ሉህ። የክዳኑ ጠርዝ ባንድ በኩል ነጭ ነው፣ በሌላው ጥቁር። ነጭ ከሆነ ፊልሙ አልተነካም፤ ጥቁር ከሆነ ተነስቶበታል። አንስተህ ስትጨርስ ክዳኑን በጥቁሩ መልሰህ ትዘጋና መያዣውን ትገለብጣለህ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባዬ ያስተማረኝ ነገር ነው። እኔ ግን በነጩ መለስኩት። ነጩን ሳይ ያልተነካ መስሎኝ እዚያው ላይ ደገምኩ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ!

ክዳኑን ለማገላበጥ አልመች ብሎኝ ነበር። ቀዳዳዋን ስስታት፣ መልሼ ስስታት፣ ሰዎቹ ሲያዩኝ፣ እሱም ከግድግዳው ሥር ሲያየኝ፣ እንደመጣልኝ ሸጎጥኩት። ጥድፊያ ነው ያጠፋኝ። ሌላ ምንም አይደለም።

ስድስት ሰው። የምሳ እረፍታቸውን ሰጥተውኝ፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው ቆሙልኝ። እኔ ደግሞ አንዱን በአንዱ ላይ ጣልኩት።  ጨለማው ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ወንድሜ ሲያንኳኳ ግን "ኬሚካሉ ተበላሽቷል" አልኩት።


ሰኞ 17

ኬሚካሉን ሞከረው። ደህና ነው።

"ኔጋቲቮቹን አሳዪኝ" አለ። አሳየሁት። ዓይን ያወጣ ውሸቴን ተሸክሜ ቆምኩ። ብዙ ጊዜ አያቸው፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ጋ አሉ" አለ።

"ምኖቹ?"

"ስድስቱም። አንቺ ጨርቁን ተከናንበሽ ሳለሽ ከጎን አንስቻቸው ነበር። አይበቃ ይሆናል እንጂ አሉ።"

አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ ምን አልኩ? "ሳትነግረኝ እየተከታተልክ ሥራዬን ትሰልላለህ!" አልኩት። ታትመው በፖስታ የተቀመጡ ናቸው፤ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎልኝ ወጣ። ቀድሞ አትሟቸዋል። ማለትም የእኔ እንደሚበላሽ ቀድሞ ገምቷል። ይህ ነው ያናደደኝ።


ማክሰኞ 18

ፖስታውን አልከፈትኩም። ዛሬ ሁለት ሰው ብቻ አነሳሁ። የማሽን ጠጋኙ እረፍት ላይ ማሽን ቀጥቅጦ ወለሉን አነቃነቀው።


ረቡዕ 19

ከፈትኩት።

ጥሩ ናቸው። ውሸት አልጽፍም፤ በጣም ጥሩ ናቸው። ሰዎቹ ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ትልቁ ካሜራ ያያሉ። ለእኔ ነው የቆሙት፣ እሱ ከጎን ወሰዳቸው። ኪስ አውላቂ ብዬ አልነበር? ይህችን ታህል እንኳ ባይሰርቅልኝ ኖሮ ስድስት ሰው ከመጽሐፉ ተሰርዞ ነበር።

በእልህ የራሴን ትንሽ ካሜራ አንስቼ ስቱዲዮው መሃል ቆምኩ። እዚህ ሲሚንቶ ነው፤ ማሽን የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሥር ጊዜ አነሳሁት። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ እንደ ደንቡ። አሥሩም ላይ ቁጥሩ አይነበብም።

መንገዱ ቅርብ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ ቤቱ ይነቃነቃል። ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

ቆሜ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት ያህል አንድም ከባድ መኪና አላለፈም። ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።


ሐሙስ 20

እትዬ ቋጠሮ ጠርተውኝ ከማሽናቸው ኋላ ባለ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ለምን እንደነገሩኝ አልገባኝም፤ ለማንኛውም ልጻፈው።

አንዲት ባልደረባ ነበረቻቸው። ጣቷ ቀስ በቀስ አልታዘዝ አላት። ሽመና ላይ እጁ የከዳው ሰው በማግሥቱ ይሰናበታል፤ ያኔ እንዲያ ነበር።

"ታዲያ ምን አደረገች?" አልኳቸው።

"እሷ ምን ታደርጋለች? እኛ ነን እንጂ! ከጎኔ ያለውን ማሽን ሰጠናት። የተበጠሰ ክር ከሩቅ ለማየት አንደኛ ነበረች፤ የእኔ ዓይን እስኪመጣ እሷ አይታ ትጨርሳለች። እንዲህ ታደርግልኛለች" ብለው አንድ ጣታቸውን አነሱ። "እኔ ሄጄ እቋጥራለሁ። የእሷንም የእኔንም። ስድስት ዓመት! አለቃ አላወቀ፣ ጨርቁ አልተበላሸ።"

"አላፈረችም?"

"መጀመሪያ መዓት አወረደችብን። ማን ለምኗችሁ አለች። አንድ ወር አኮረፈች።" ሳቁ። "አንድ ወር ሙሉ ጨርቅ ስታበላሽ ዝም ብዬ አየኋት። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ጣቷን አነሳች።"

"ደግ ነበሩ" አልኳቸው።

"ደግነት ምን አመጣው? ዓይኗ ይጠቅመኝ ነበር" አሉኝና ተነሥተው ወደ ማሽናቸው ሄዱ።


ቅዳሜ 22

ሠላሳ አራት። ከወንድሜ ስድስት ጋር አርባ። ሃያ ሰው ቀረኝ፤ ስድስት የሥራ ቀን።

ወንድሜ ጠዋት በር ላይ ጠብቆኝ "ሐኪም ጋ ቀጠሮ ልያዝልሽ?" አለኝ።

"ማን ታመመ?"

"እታለም።"

"ምን እታለም እታለም ትላለህ! ወለሉ ነው አልኩህ፣ ሥራው ነው አልኩህ፣ እንቅልፍ ነው አልኩህ!"

"ሦስት ነገር አልሽኝ" አለ። "አንድ ቢሆን አምንሽ ነበር።"

"ስሙን ሽፋኑ ላይ ማየት አምሮህ ነው" አልኩት። ይህ ቃል ከእኔ አፍ ወጣ። አሳድጌዋለሁ እኮ! ትምህርት ቤት እጁን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ፊቱ ልውጥ አለ። ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ። እዚህ ደብተር ላይ ይቅርታ ብጽፍ አያነበውም፤ ስለዚህ ምን ይረባል።


ሰኞ 24

ብቻዬን። ሦስቱን እግር ለመትከል ብቻ አሥር ደቂቃ። አንድ ሰው አነሳሁ። ሁለተኛዋ ላይ ክዳኑ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀረቀረ፤ ስጎትተው ካሜራው ሁሉ ዞረ። ደወሉ ተደወለ። ሴትየዋ ምሳዋን ሳትበላ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። "ነገ" አልኳት። "ነገ ሌላ ክፍል ያስጸዱኛል" አለች።


ማክሰኞ 25

ሁለት። አንዱ ደብዝዟል። ዛሬ ማሽን ቆሞ ነበር። ጠጋኙም አልነበረም።

አሥራ ስምንት ሰው ቀረኝ፤ አራት ቀን። የትኞቹን እንደምተው ዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ምልክት ላደርግ ሞከርኩ። ከስማቸው ጎን ተቀምጬ አንዱንም መምረጥ አቃተኝ። ማሳደጊያ ቤት ያደገውን የማሽን ዘይት ቀቢ ልተወው? ወይስ የሽመና ክፍሉን መንትዮች? ሰው ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ከኖረ በኋላ በእኔ እልህ ምክንያት ከመጽሐፉ ይቅር?


ረቡዕ 26

ጠዋት ወደ ወንድሜ ደወልኩ። "ና" አልኩት። "የት?" አላለም።

መጣ። ትንሿ ካሜራ አንገቱ ላይ ናት፤ ምንም አላልኩም። ካሜራውን እሱ ተከለው። እኔ ጨርቁን ተከናንቤ አየሁ፣ ብርሃኑን መረጥኩ፣ ዘይት ቀቢውን "ግራ ትከሻህን ወደ መስኮቱ" አልኩት። መስታወቱ ላይ ፊቱ ጠርቶ መጣ። እዚያ ላይ ዓይኔ አሁንም አባቴን ያስንቃል፣ ልኩራራ እንጂ!

ከዚያ እጄ ወደ ክዳኑ ሄደና ቆመ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር።

"ክዳኑን አንተ ሳበው" አልኩ።

ሳበው። ፎቶ የሚያነሳውን መጫኛም ያዘ። "አሁን" አልኩት፣ ተጫነ። ክዳኑን ገልብጦ በጥቁሩ ከተተው። ሁለት ሰኮንድ እንኳ አልፈጀበትም። ከጨርቁ ሥር አልወጣሁም፤ ፊቴን ማንም እንዲያይ አልፈለግሁም።

በአንዲት እረፍት ሰባት ሰው! ስንጨርስ "ጊዜ ለመቆጠብ ነው" አልኩት። "አዎ፣ ጊዜ ለመቆጠብ" አለ።


ሐሙስ 27

ሰባት። እኔ ዓይን፣ እሱ እጅ። ብዙም አናወራም፤ ሰኞ ያለፈችኝን ሴትዮ ከጽዳት አስፈቅዶ ያመጣት እሱ ነው። ለይቅርታ አፌን ስከፍት "ተራ አስጠብቂ፣ አራት ሰው ይቀራል" ብሎ ዘጋኝ።


ዓርብ 28

ስልሳ። ሞላ።

ሥራ አስኪያጁ ነገ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ላይ እንድናነሳ ጠየቀ፤ ለመጨረሻው ገጽ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም ይግባ አልኩት። "ውሉ በእርስዎ ስም ነው" አለ። "ውሉን ያርሙት" አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ብዙ ሰበብ ወደ አፌ መጣ፤ ወለሉ፣ ጊዜው፣ የካሜራው እርጅና። ነገ እነግርዎታለሁ አልኩት።


ቅዳሜ 29

ማሽኑ አምስት ሰዓት ላይ ቆመ። የመጨረሻው ክር ሲያልቅ እትዬ ቋጠሮ ማጥፊያውን ተጫኑ። የሰማንያ ማሽን ጸጥታ ጆሮ ይጠልዛል። አንዳንዱ ከልማድ የተነሣ በእጁ ያወራ ነበር።

ዘጠና ያህል ሰው በሦስት ረድፍ አቆምናቸው። ወንድሜ ከትልቁ ካሜራ ኋላ ሆነ። እኔ በካሜራውና በሰዎቹ መሃል ቆሜ አስተካክላለሁ። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ላይ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ከኋላ ረድፍ "ዛሬስ አንቺ አታነሺንም እንዴ?" አለኝ። ለተንኮል አልነበረም። እኔ ግን እንደዚያ ዓይነት ድካም ደክሞኝ አያውቅም። አንድ ወር ሙሉ የደበቅኩት ነገር ከበደኝ።

ሁለት እጄን ፊታቸው አነሳሁ።

"አላነሳችሁም" አልኩ። "እጄ ይንቀጠቀጣል። ወለሉ አይደለም፣ ቡናም አይደለም። አያችሁት? አሁን ማሽኑም ቆሟል። የሚጫነው ወንድሜ ነው።"

 ከዚያ እትዬ ቋጠሮ ከፊት ረድፍ፣ "ወይ ልጄ፣ ይኸን ለእኛ ነው የምትነግሪን? ሠላሳ ዓመት እጅ ስናነብ ኖረን! በገባሽ በሁለተኛው ቀን አይደል እንዴ የተወራው!" አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘጠና ሰው! ሥራ አጥ ሊሆኑ አንድ ሰዓት የቀራቸው ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መንትዮቹ ተቃቀፉ። ዘይት ቀቢው ዓይኑን ጠረገ። እኔም እጄን እንደሰቀልኩ ሳቅሁ፣ ደግሞም አለቀስኩ። ከኋላዬ የትንሿ ካሜራ ድምፅ ተሰማኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ዞሬ አልተቆጣሁም።

ከዚያ ተረጋጉ። ገለል አልኩ፣ ጨርቁን ተከናነብኩ፣ "አሁን" አልኩ። ወንድሜ ተጫነ።


ሐሙስ 4

ሰኞ ወንድሜ ሐኪም ጋ ወሰደኝ። "ስንት ጊዜ ሆነዎት?" ሲለኝ "ሁለት ዓመት" አልኩት። ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሌላም ምርመራ አለብኝ፤ ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ስቱዲዮ መጣ። ለመጨረሻው ገጽ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ዘረጋንለት። የትልቁ ካሜራ ፎቶ እንከን የለውም። ዘጠና ፊት፣ ዘጠናውም ጥርት ያለ፤ የእያንዳንዱ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ይቆጠራል። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ለማንሳት ነበር ወር ሙሉ ያበድኩት። ሰዎቹ ግን ቀብር ላይ ያሉ ይመስላሉ።

ሁለተኛው የወንድሜ ነው። ትንሽ ጠመም ብሏል፤ የአንዱ ራስ ተቆርጧል። ሁሉም ይስቃል። መሃል ላይ የእኔ ጀርባ አለ፣ ሁለት እጄ ወደ ላይ ተነስቷል።

"ይኼኛው" አልኩ።

ወንድሜ "እርግጠኛ ነሽ?" አለ።

"ይኼኛው ነው አልኩ እኮ።"

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አየው። ማሽኖቹ ቆመዋል፣ ወለሉ ጸጥ ብሏል፣ ዘጠናው ሰው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። "እዚህ ጋ ብቻ ትንሽ ደብዝዟል" አለና ጣቱን አሳረፈበት። "እጅዎ ላይ። ማተሚያ ቤቱ በኮምፒዩተር ሊያስተካክለው ይችላል።"

"አያስተካክሉት" አልኩት። "እጄ እንደዚህ ነው።"